ከላፕቶፕ ወደ ኤስ7-200 እና ወደ ዴልታ ፒኤልሲ፦ ያለኝ ሲሪያል ኬብል ለሁለቱም ይሆናል?

ጥገና_ክፍል (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም፤

አዳማ ከተማ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል እሠራለሁ። የከረጢት መሙያና መመዘኛ ማሽናችን በሲመንስ ኤስ7-200 (ሲፒዩ 224)፣ የአቧራ ማጣሪያው ደግሞ በዴልታ ዲቪፒ-ኢኤስ ፒኤልሲ (በተጫነበት ፕሮግራም ማሽን የሚቆጣጠር መሣሪያ) ይሠራሉ። ማሽኖቹ ሲተከሉ የፕሮግራሞቹ ቅጂ ለፋብሪካው አልተሰጠም፤ የተከላቸውንም ባለሙያ አሁን ማግኘት አልተቻለም። ከሁለቱ ፒኤልሲዎች አንዱ ቢቃጠል ምትኩን ገዝተን ብንገጥም እንኳ ውስጡ ባዶ ስለሚሆን ማሽኑን ማስነሳት አንችልም። ስለዚህ ሁለቱም በደኅና እየሠሩ ባሉበት በዚህ ጊዜ ፕሮግራሞቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።

ያለኝ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ሲሆን ሲሪያል ፖርት የለውም። በእጄ የሚገኙት ዕቃዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከገበያ የተገዛ ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይር ኮንቨርተር ነው። ሁለተኛው የሚዛን ማሳያ ለማገናኘት እንጠቀምበት የነበረ፣ አንዱ ጫፉ ወንድ ሌላው ጫፉ ሴት የሆነ ባለ 9 ፒን ማራዘሚያ ኬብል ነው። ሦስተኛው ከዚህ በፊት እዚህ ይሠራ የነበረ ሰው ለዴልታው ብሎ የሠራው፣ ጫፉ ላይ ክብ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ያለው ኬብል ነው።

ይህን በዴልታው ላይ የሞከርኩት ቢሆንም ደብሊውፒኤልሶፍት (የዴልታ ፒኤልሲ ፕሮግራም ማንበቢያና መጻፊያ ሶፍትዌር) መገናኘት እንዳልቻለ ከመግለጽ በቀር ምንም አላሳየኝም። ኮንቨርተሩ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ያለ ምንም የስሕተት ምልክት ኮም 11 ሆኖ ይታያል። ወደ ኤስ7-200 ስመጣ የማራዘሚያው ኬብል በሲፒዩው ሶኬት ላይ በትክክል እንደሚገጥም አይቻለሁ፤ ነገር ግን ሰው ሳልጠይቅ መሰካት አልፈለግሁም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው፦ የማራዘሚያውን ኬብል ከኮንቨርተሩ ጋር አያይዤ በኤስ7-200 ላይ ብሰካው ይሠራል ወይ? ዴልታውስ ለምን አይመልስልኝም? ማሽኖቹ ቀን ከሌሊት ስለሚሠሩ ምርት ሳላቆም ማድረግ የምችለውን ብትነግሩኝ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመኛል።

ፒን_ቆጣሪ

ጤና ይስጥልኝ። ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው፤ የማራዘሚያውን ኬብል በኤስ7-200 ላይ አይሰኩት። ሳይሰኩ መጠየቅዎ እጅግ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ቦታ የሚደርሰው ጉዳት «አልተገናኘም» በሚል መልእክት ብቻ የሚያልፍ ላይሆን ይችላል።

በኮንቨርተርዎ ላይ ያለው ባለ 9 ፒን መሰኪያ አርኤስ-232 በተባለው ደረጃ የሚሠራ ነው። በእርሱ ላይ ፒን 2 መቀበያ፣ ፒን 3 መላኪያ፣ ፒን 5 የጋራ ዜሮ፣ ፒን 7 ደግሞ ኮምፒውተሩ ለመላክ መዘጋጀቱን የሚያሳውቅበት መስመር ነው። በኤስ7-200 ላይ ያለው ሶኬት በመልኩ ከዚህ ጋር አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ ፈጽሞ ሌላ ነው። ፒን 3 እና ፒን 8 የአርኤስ-485 ጥንድ መስመሮች ናቸው፤ ፒን 5 ዜሮ፣ ፒን 6 የ5 ቮልት መውጫ፣ ፒን 7 የ24 ቮልት መውጫ፣ ፒን 2 ደግሞ የዚያው የ24 ቮልት መመለሻ ነው። ማራዘሚያ ኬብል እያንዳንዱን ፒን ከራሱ ቁጥር ጋር በቀጥታ ስለሚያገናኝ፣ የኮንቨርተርዎ ፒን 7 ከ24 ቮልት ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል ማለት ነው። በሌላ በኩል ከኮንቨርተሩ መላኪያ የሚወጣው ከዜሮ በታችና በላይ የሚወዛወዝ ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ ሲፒዩው የአርኤስ-485 ቺፕ ይገባል። የአርኤስ-485 ደረጃ እንዲህ ያለው ቺፕ እንዲቋቋም የሚጠይቀው ከ-7 እስከ +12 ቮልት ያለውን ክልል ነው፤ አንዳንድ የኮምፒውተር ሲሪያል ፖርቶች ግን እስከ -12 ቮልት ድረስ ያወጣሉ። የሲፒዩው ፖርት ከውስጥ ሰርኪዩቱ ያልተገለለ ስለሆነ ጉዳቱ በፖርቱ ላይ ብቻ ላይቆም ይችላል።

በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለውን ልዩነት መረዳት ለሌሎች ማሽኖችም ስለሚጠቅም ጥቂት ልጨምር። አርኤስ-232 የአንዱን ሽቦ ቮልቴጅ ከዜሮው ጋር እያነጻጸረ ይሠራል፤ ከ-3 እስከ -15 ቮልት አንድ፣ ከ+3 እስከ +15 ቮልት ደግሞ ዜሮ ተብሎ ይነበባል። መስመሩ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ኔጋቲቭ ላይ ያርፋል። ከአንድ ኮምፒውተርና ከአንድ መሣሪያ በላይ አይቀበልም፤ ርቀቱም በተለምዶ 15 ሜትር ያህል ነው የሚባለው። አርኤስ-485 በአንጻሩ በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሚያነብ፣ 200 ሚሊቮልት ልዩነት ለተቀባዩ ይበቃዋል። ከሞተርና ከኢንቨርተር የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም ሽቦዎች እኩል ስለሚነካቸው ልዩነቱን ብዙም አይለውጠውም፤ በዝቅተኛ ፍጥነት እስከ 1200 ሜትር ድረስ የሚሄደውና በመሠረታዊው ደረጃ እስከ 32 መሣሪያዎች በአንድ መስመር ላይ የሚቀመጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ለኤስ7-200 የሚያስፈልግዎ በመካከሉ ይህን ለውጥ የሚያደርግ፣ ፒሲ/ፒፒአይ እየተባለ የሚጠራው ኬብል ነው። በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንዱ በኮምፒውተር በኩል አርኤስ-232 ሆኖ በሰውነቱ ላይ ትናንሽ ዲፕ ስዊቾች ያሉት ነው፤ ሌላው በቀጥታ በዩኤስቢ የሚሰካ ነው። የመጀመሪያውን ካገኙ አሁን ያለዎትን ኮንቨርተር ከእርሱ ጋር መጠቀም ይችላሉ፤ የስዊች 1፣ 2 እና 3 አቀማመጥ 0-1-0 ሲሆን ፍጥነቱ 9600 ይሆናል፤ ሰንጠረዡም ብዙውን ጊዜ በኬብሉ ላይ ታትሟል። ያልተነካ ሲፒዩ ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 2፣ ፍጥነቱ 9600 ነው፤ የኮምፒውተርዎ አድራሻ 0 ይሁን። በማይክሮዊን (የኤስ7-200 ፕሮግራም ማንበቢያና መጻፊያ ሶፍትዌር) የኮሙኒኬሽን መስኮት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ ሲፒዩውን ፈልጎ ያወጣዋል። ገንዘቡ ከተገኘ የአምራቹን ዋናውን ኬብል እንዲገዙ እመክራለሁ።

ከፍጥነት ጋር በተያያዘ፣ አንዳንድ ሰዎች ወዲያው ወደ 187.5 ኪሎቢት መሄድ ይወዳሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን አስፈላጊ አይደለም። ፒፒአይ (ኤስ7-200 ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገርበት ፕሮቶኮል) ለእያንዳንዱ ባይት 11 ቢት ስለሚጠቀም በ9600 በሰከንድ 870 ባይት ገደማ ያልፋል፤ የሲፒዩ 224 የፕሮግራም ማኅደር ደግሞ 8 ወይም 12 ኪሎባይት ነው። የፕሮቶኮሉ ጥያቄና መልስ ጊዜ ቢጨመርበት እንኳ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

አሮጌ_ፓኔል

የዴልታውን ጉዳይ እኔ ልመልስ። ሁለቱን ማሽኖች አንድ ላይ ማንሳትዎ ጥሩ ሆነ፤ ምክንያቱም ዴልታው ከኤስ7-200 በተቃራኒ በዚያ ክብ ሶኬቱ ላይ እውነተኛ አርኤስ-232 ስላለው ኮንቨርተርዎ ያለ ሌላ ለዋጭ ሊያናግረው ይገባል። ስለዚህ ስሕተቱ ያለው ከኮንቨርተሩ፣ ከኬብሉ፣ ወይም ከቅንብሩ በአንዱ ነው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከመጠርጠር ይልቅ ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ ወደ ፒኤልሲው አንድ በአንድ እያጣሩ መሄድ ይሻላል።

በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ኮም 11 መታየቱ የሚያረጋግጠው ዊንዶውስ ቺፑን ማወቁን ብቻ ነው። ከቺፑ ወዲያ ያለው ነገር መሥራቱን አያረጋግጥም። ኮንቨርተሩን ከሁሉም ነገር ነጥለው ፒን 2ን ከፒን 3 ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኙና እንደ ፑቲ ያለ የተርሚናል ሶፍትዌር ከፍተው ፊደል ይጻፉ። የጻፉት ተመልሶ በስክሪኑ ላይ ከታየ ኮንቨርተሩ መላክም መቀበልም ይችላል። ሽቦውን ሲያነሡ ፊደሉ መታየቱን ማቆም አለበት፤ ካላቆመ ሶፍትዌሩ ራሱ የተጻፈውን እያሳየ ነውና ያንን ቅንብር ያጥፉት። ቀጥሎ በመልቲሜትር ከፒን 5 ወደ ፒን 3 ያለውን የዲሲ ቮልቴጅ ይለኩ። ምንም ሳይላክ ከ-5 እስከ -12 ቮልት የሆነ ንባብ ካገኙ ደኅና ነው። በአንጻሩ +3.3 ወይም +5 ቮልት ካገኙ በእጅዎ ያለው ለማይክሮኮንትሮለር የተሠራ የቲቲኤል ኮንቨርተር ነው፤ ይህ ደግሞ ዴልታውን ሊያናግረው አይችልም።

ወደ ኬብሉ ስንመጣ፣ በዴልታው ባለ 8 ፒን ሶኬት ላይ ፒን 4 መቀበያ፣ ፒን 5 መላኪያ፣ ፒን 8 ዜሮ ነው። ስለዚህ የኮንቨርተሩ ፒን 3 ከዴልታው ፒን 4፣ የኮንቨርተሩ ፒን 2 ከዴልታው ፒን 5፣ የኮንቨርተሩ ፒን 5 ከዴልታው ፒን 8 ጋር መገናኘት አለበት። የዴልታው ፒን 1 እና ፒን 2 የ5 ቮልት መውጫዎች ስለሆኑ በምንም መንገድ አይነኩ። ክቡ መሰኪያ ከፊት ሲታይና ከሽቦው በኩል ሲታይ የፒኖቹ ቅደም ተከተል ግራና ቀኝ ስለሚገለባበጥ፣ በእጅ የተሠራ ኬብል አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለው ከፒን እስከ ፒን በመልቲሜትር ይፈትሹ፤ መገናኘት ያለባቸውን ብቻ ሳይሆን መገናኘት የሌለባቸውንም ጭምር።

የሚቀረው ቅንብሩ ነው። የዴልታ ኮም 1 ከፋብሪካ ሲወጣ 9600፣ 7 ዳታ ቢት፣ ኢቨን ፓሪቲ፣ 1 ስቶፕ ቢት፣ በሞድባስ አስኪ፣ የጣቢያ ቁጥር 1 ነው። ብዙ ሰው ከልማድ 8 ዳታ ቢትና ያለ ፓሪቲ አድርጎ ስለሚጀምር መልስ ያጣል። በደብሊውፒኤልሶፍት የኮሙኒኬሽን ቅንብር ውስጥ ራሱ ፈልጎ የሚያገኝበት ቁልፍ ስላለ እርሱን ይጠቀሙ። ከዚህ በፊት ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ዲ1036 በተባለው ሬጂስተር ቅንብሩን ለውጦት ከሆነ ግን ሁኔታው ይለያል፤ ለውጡን የሚያደርገው ራሱ ፕሮግራሙ በሚሮጥበት ጊዜ ስለሆነ፣ ማሽኑ በሚቆምበት ሰዓት መቀያየሪያውን ስቶፕ ላይ አድርገው ኃይሉን ቢያጠፉና ቢያበሩ ወደ መጀመሪያው ቅንብር ይመለሳል። ይህን የሚያደርጉት ግን በመጨረሻ ነው።

በነገራችን ላይ ኮም 11 የሚለውን ቁጥር በዲቫይስ ማናጀር የፖርቱ አድቫንስድ ቅንብር ውስጥ ገብተው ወደ ዝቅተኛ ቁጥር፣ ለምሳሌ ወደ ኮም 3፣ ይለውጡት። የቆዩ የፒኤልሲ ሶፍትዌሮች ከፍተኛ ቁጥሮችን በዝርዝራቸው ውስጥ ላያሳዩ ይችላሉ። ኮንቨርተሩ የኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለበት ከሆነ ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ የሌተንሲ ታይመር የሚል ያገኛሉ፤ ከ16 ሚሊሰከንድ ወደ 1 ቢያወርዱት አጭር ጥያቄና መልስ ለሚለዋወጡ ፕሮቶኮሎች ይጠቅማል።

ጥገና_ክፍል

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኮንቨርተሩ የፒን 2 እና የፒን 3 ፈተናን አልፏል፤ ቮልቴጁም ወደ -6 ይጠጋል። በእጅ የተሠራውን ኬብል ስፈትሽ አሮጌ_ፓኔል እንደ ገመቱት መላኪያውና መቀበያው በክቡ መሰኪያ ላይ ቦታቸውን ተለዋውጠው ተገኙ። በትክክለኛው ቦታ መልሼ ከበየድኳቸው በኋላ ደብሊውፒኤልሶፍት በፋብሪካው ቅንብር ዴልታውን አገኘው፤ የማጣሪያው ፕሮግራምም ማሽኑ ሳይቆም ወደ ላፕቶፑ ተገልብጧል።

ለኤስ7-200 ደግሞ ዩኤስቢ/ፒፒአይ የሚባል የአምራች ስም የሌለው ኬብል አግኝተን ልንገዛ ነው፤ የዋናው ኬብል ዋጋ ከክፍላችን በጀት በላይ ሆኗል። ከመሰካቴ በፊት ሦስት ነገሮች ያሳስቡኛል። ማይክሮዊን በዊንዶውስ 10 ላይ ይሠራል ወይ? ፓኔሉ አጠገብ ያለው ሶኬት የመሬት መስመር ይኑረው አይኑረው እርግጠኛ አይደለሁም፤ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ስሰካው ደግሞ የብረት አካሉ እጄን ይወዝወኛል፤ ይህ ለፒኤልሲው አደገኛ ነው ወይ? በመጨረሻም፣ የሚዛኑ ቅንብሮች ከፕሮግራሙ ጋር አብረው ይገለበጣሉ ወይ?

ከሻርጃ

ወንድሜ፣ እኔ የምሠራው እዚህ በባሕረ ሰላጤው በማሸጊያ ማሽኖች ጥገና ላይ ነው፤ ኤስ7-200 ያለባቸው ማሽኖች እዚህም ገና አልጠፉም። ስለ መሬት መስመሩ ያነሡት ጥያቄ ከኬብሉ ዓይነት ያላነሰ ክብደት ስላለው ከእርሱ ልጀምር።

የላፕቶፕ ቻርጀር በግብዓቱና በውጤቱ መካከል ረብሻ የሚቀንሱ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉት። የመሬት መስመር በሌለው ሶኬት ላይ ሲሰካ በእነዚህ በኩል የሚያልፈው እጅግ አነስተኛ ጅረት የላፕቶፑን ዜሮ መስመር ወደ 220 ቮልቱ እኩሌታ አካባቢ ያንሳፍፈዋል፤ እጅዎን የሚወዘውዎ ይህ ነው። ጅረቱ ለሰው ብዙውን ጊዜ ከመወዝወዝ አያልፍም። ነገር ግን ኬብሉን በሚሰኩበት ቅጽበት የዜሮው ፒን ከዳታው ፒን በኋላ ከነካ፣ ያ ልዩነት በሙሉ በቺፑ በኩል መንገድ ይፈልጋል። የመሬት መስመር ባለው ሶኬት ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ የፓኔሉ 24 ቮልት ዜሮ ከሌላ ቦታ ከመሬት ጋር ከተገናኘ፣ በሁለቱ የመሬት ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት በሲሪያል ኬብሉ ውስጥ ጅረት ያስኬዳል። ትልልቅ ሞተሮች ያሉበት ወፍጮ ይህ ልዩነት የሚጠበቅበት ቦታ ነው።

ምንም ወጪ የሌለው መፍትሔ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ብቻ መሥራት ነው። ባትሪው ደካማ ከሆነ አስቀድመው በቢሮ ይሙሉት። ላፕቶፑ ከፕሪንተር፣ ከኔትወርክ ኬብል ወይም ከውጭ ስክሪን ጋርም አይያያዝ፤ እነዚህም የመሬት መንገድ ይሆናሉ። የዲ-ሳብ መሰኪያው ብረት ልባስ ካለው ልባሱ ከፒኖቹ ቀድሞ ስለሚነካ ይጠቅማል፤ ርካሽ ኬብሎች ላይ ግን ጫፉ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል።

ፒን_ቆጣሪ ዋናውን ኬብል እንዲገዙ መምከራቸው ትክክል ነው፤ ሆኖም ስም የለሹን ኬብል እንደማይሆን ነገር መቁጠር አያስፈልግም ባይ ነኝ። ውስጡ በአብዛኛው አንድ የዩኤስቢ ቺፕና አንድ የአርኤስ-485 ቺፕ ብቻ ነው፤ በ9600 እና በ19200 ከማይክሮዊን ጋር ይሠራል። የሚያንሰው በኮምፒውተሩና በፒኤልሲው መካከል የኤሌክትሪክ መገለል አለመኖሩ ነው። ይህን ዩኤስቢ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ መሣሪያ በላፕቶፑና በኬብሉ መካከል በማስገባት መሙላት ይቻላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተገዝተውም ከዋናው ኬብል ያነሰ ዋጋ ሊያወጡ ይችላሉ። ስም የለሽ ኬብል ሲጠቀሙ ግን በማይክሮዊን የኢንተርፌስ ቅንብር ውስጥ «መልቲፕል ማስተር ኔትወርክ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት እንዳይኖር ያድርጉ፤ እንዲህ ያሉ ኬብሎች ያንን ሥራ የሚሠራ ማቀነባበሪያ በውስጣቸው የላቸውም።

ማይክሮዊንን በተመለከተ፣ የመጨረሻው እትም 4.0 ሰርቪስ ፓክ 9 በይፋ የሚደግፈው እስከ ዊንዶውስ 7 ድረስ ነው። በዊንዶውስ 10 ላይ የሚያሠሩት ሰዎች አሉ፤ በሌሎች ላይ ደግሞ የኢንተርፌስ መስኮቱ አልከፈት ይላል። እኔ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ጭኜ የዩኤስቢ ኬብሉን ወደዚያ ማስተላለፍን እመርጣለሁ። አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ የቨርቹዋል ማሽኑን ፋይል ገልብጦ ማስቀመጥ ስለሚቻል ላፕቶፑ ቢቀየርም እንደገና መጫን አያስፈልግም።

ሌላ አንድ ነገር፤ የእርስዎ ቦታ ዱቄት ነው። አየር ላይ የተበተነ ዱቄት ተቀጣጣይ ስለሆነ ፓኔሉን ሲከፍቱ በታመቀ አየር አይንፉት፤ በቫኪዩም ማጽጃ ይሳቡት። የሲፒዩው ሶኬት ለረጅም ጊዜ ሳይከደን ከቆየ በፒኖቹ ላይ የተጋገረ ዱቄት ይኖራልና ከመሰካትዎ በፊት በባትሪ መብራት ይመልከቱት።

ፒን_ቆጣሪ

ከሻርጃ የተሰጠውን ምክር እቀበላለሁ፤ አይሶሌተር ከተጨመረ በኬብሉ ዋጋ ላይ የምከራከርበት ምክንያት የለም። የአርኤስ-485 ቺፖች አምራቾች ኤ እና ቢን በተለያየ መንገድ ስለሚሰይሙ፣ ስም የለሹ ኬብል መልስ ካልሰጠ ከመጣልዎ በፊት ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው እንደ ሆነ ያጣሩ። በሲመንስ ፒን 3 ፖዘቲቩ (ቢ)፣ ፒን 8 ኔጋቲቩ (ኤ) ነው። የእነዚህ የሁለቱ መገላበጥ ግንኙነትን ይከለክላል እንጂ ምንም አያቃጥልም። ለአንድ ፒኤልሲና ለጥቂት ሜትር ኬብል የመስመር መጨረሻ ሬዚስተርም አያስፈልግም።

አሁን ወደ መገልበጡ። ፕሮግራሙን ከሲፒዩው ወደ ኮምፒውተር ማምጣት ሲፒዩው እየሮጠ ሳለ የሚደረግ ነው፤ ምርት አይቆምም። በማይክሮዊን መሣሪያ አሞሌ ላይ ሁለቱ ቀስቶች ጎን ለጎን ስለሚገኙ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ይምረጡ፤ ወደ ታች የሚያመለክተው በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ባዶ ፕሮጀክት ወደ ሲፒዩው የሚጭነው ነው። ሶፍትዌሩ ሲፒዩውን ወደ ስቶፕ ላድርገው ብሎ ከጠየቀዎት የተሳሳተውን ቀስት ተጭነዋልና ይሰርዙት። የሲፒዩው መቀያየሪያ ራን ላይም ሆነ ተርም ላይ ቢሆን ሶፍትዌሩ ሲፒዩውን ወደ ስቶፕ ሊለውጠው ስለሚችል፣ መቀያየሪያውን እንደ ጥበቃ አይቁጠሩት።

በሚመጣው ፕሮግራም ውስጥ የአድራሻዎቹ ስሞችና ማብራሪያዎች አይኖሩም፤ እነዚያ በሲፒዩው ውስጥ ስለማይቀመጡ የሚያገኙት ባዶ አድራሻዎችን ብቻ ነው። ፓኔሉን ከፍተው የትኛው ግብዓት ከየትኛው ሴንሰር፣ የትኛው ውጤት ከየትኛው ቫልቭ ጋር እንደተያያዘ ሽቦውን እየተከተሉ አሁኑኑ መዝግበው በሲምቦል ሰንጠረዡ ውስጥ ቢያስገቡት፣ ነገ ችግር ሲፈጠር ፕሮግራሙ የሚነበብ ይሆናል።

የሚዛኑን ቅንብሮች በተመለከተ መጠራጠርዎ ትክክል ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው የዳታ ብሎክ በቋሚው ማኅደር ውስጥ የተቀመጠው ነው፤ ኦፕሬተሩ በማሳያው በኩል የሚያስገባቸው የክብደትና የጊዜ እሴቶች ግን ብዙውን ጊዜ በራም ውስጥ ይኖራሉ። ራሙ ኃይል ሲጠፋ በውስጡ ባለው ካፓሲተር ይጠበቃል፤ በሲፒዩ 224 ይህ በተለምዶ 100 ሰዓት ያህል ነው፤ አሮጌ ከሆነና ሙቀት ካለ ያንሳል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከገለበጡ በኋላ በውስጡ የተጠቀሱትን የቪ አድራሻዎች (የዳታ ማኅደሩን ቦታዎች) በማይክሮዊን ስታተስ ቻርት ውስጥ አስገብተው በአሁኑ ሰዓት ያላቸውን እሴት ያንብቡና ከፕሮጀክቱ ፋይል ጋር ይመዝግቡ። ከኦፕሬተሩ ማሳያ ላይ ያሉትንም ቁጥሮች በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

የይለፍ ቃል ከጠየቀዎት ግን ይቁሙ። በደረጃ 1 እና 2 የተቆለፈ ሲፒዩ ፕሮግራሙን ለማንበብ አይከለክልም፤ ደረጃ 3 የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ደረጃ 4 በአዳዲሶቹ ሲፒዩዎች ላይ ያለ ሲሆን የይለፍ ቃሉ ቢታወቅም ማንበብን ይከለክላል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኝ «ሲፒዩውን የሚከፍት ቃል» የተባለ ምክር አለ፤ ያ ቃል የሚሠራው ሥራ ሲፒዩውን ሙሉ በሙሉ መደምሰስ ነውና በሚሠራ ማሽን ላይ እንዳይሞክሩት።

ቅጂው በእጅዎ ከገባ በኋላ ለሲፒዩ 224 የሚሆን የሜሞሪ ካርትሪጅ አንድ እንዲፈልጉ እመክራለሁ። ማሽኑ ለጥገና በሚቆምበት ቀን ካርትሪጁን በሲፒዩው ፊት ባለው ትንሽ ክዳን ሥር ሰክተው፣ ሲፒዩው ስቶፕ ላይ እያለ፣ ከማይክሮዊን የፒኤልሲ ሜኑ ፕሮግራሙን ይጻፉበት። ሲፒዩው ቢቃጠል በዚያው ዓይነት አዲስ ሲፒዩ ላይ ካርትሪጁን ሰክቶ ኃይል መስጠት ብቻ ይበቃል፤ ላፕቶፕም ኬብልም ሳያስፈልግ ፕሮግራሙ ይገባል። ከጻፉት በኋላ ግን ካርትሪጁን አውልቀው መዝገብ ቤት ያስቀምጡት፤ እንደተሰካ ከተተወ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሲፒዩው የካርትሪጁን ቅጂ ስለሚያነብ፣ በኋላ በፕሮግራሙ ላይ የሚያደርጉት ማሻሻያ ሁሉ ይጠፋል።